የዓለት ኮምፕረሲቢሊቲ (ግፊት ሲለወጥ የሚጨመቅበት መጠን) ቋሚ ቁጥር ነው እንዴ? ግፊት ሲወርድ ፐርሚያቢሊቲውስ (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙስ) ምን ይሆናል?

ጀማሪ_ሪዘርቨየር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የማስተርስ ቴሲሴ ላይ ነኝ፣ አንድ የአሸዋ ድንጋይ የዘይት ሪዘርቨየር (ዘይት ያዘለ የከርሰ ምድር ዓለት) ነው በኮምፒውተር ሲሙሌት የማደርገው፣ መረጃውን አማካሪዬ ነው የሰጠኝ፣ የሜዳው ስም የለበትም። ሂስትሪ ማች (ሞዴሉን ከተለካው ጋር ማገጣጠም) ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀርቅሬ ቀረሁ። የኔ ሞዴል ግፊቱ ከተለካው ቶሎ ይወርድብኛል፣ ሜዳው ውስጥ እኔ ያላየሁት የሆነ ኃይል ያለ ነው የሚመስለው። አኩፈር (ዙሪያውን ያለ ውኃ የያዘ ዓለት) ጨመርኩ፣ የዘይቱን መጠን ከፍ አደረኩ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ከአራተኛው ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ሞዴሉ ላይ ያሉት ጉድጓዶች በእውን ከሚያወጡት በላይ ያወጣሉ።

ለዓለቱ ኮምፕረሲቢሊቲ የላብ ሪፖርቱ ላይ ያገኘሁትን 1.1 ማይክሮሲፕ ነው ያስገባሁት (ለማያውቀው፣ አንድ ማይክሮሲፕ ማለት ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ሲቀየር የአንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ ማለት ነው፣ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)። ፖሮሲቲው (የቀዳዳው ድርሻ) 18 በመቶ ነው። ከኔ በፊት የተመረቀ ልጅ ስጠይቀው ድንጋይ ምን ይጨመቃል ብለህ ነው፣ ተወው አለኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ይሄ ቁጥር እውነት ምንም ለውጥ የለውም?

ኮር_ላብ፦

ወንድሜ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር የምኑ ኮምፕረሲቢሊቲ ነው? የጠቅላላው ድንጋይ ነው ወይስ የቀዳዳው? እኔ ኮር (ከጉድጓድ የሚወጣ የዓለት ናሙና) የሚለካበት ላብ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በብዛት ያየሁት ስህተት ይሄ ነው። ላቡ ሙሉውን ኮር ከዙሪያው እየጨመቀ ምን ያህል እንዳነሰ ለክቶ ይሰጥሃል፣ ሲሙሌተሩ ግን የሚጠይቅህ በውስጡ ያለው የቀዳዳ ቦታ ግፊት ሲወርድ በምን ያህል እንደሚጠብ ነው። ሁለቱ መሀል ቢያንስ በፖሮሲቲ ማካፈል አለ። የአሸዋ ድንጋይ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ሳይ የጠቅላላው ድንጋይ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው፣ የቀዳዳው ቢሆን በደንብ ለተጣበቀ የአሸዋ ድንጋይ 3፣ 4፣ 5 ምናምን ነበር የምጠብቀው።

ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ ላይ ሃይድሮስታቲክ የሚል ካለ ኮሩ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ተጨምቋል ማለት ነው። መሬት ውስጥ ግን እንደዛ አይደለም፣ ጎረቤቱ ያለው ድንጋይ ወደ ጎን አያላውሰውም፣ የሚያጥረው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ በፖይሰን ሬሾ (ድንጋዩ ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚያብጥበት መጠን) ታወርደዋለህ፣ ሬሾው 0.2 ከሆነ በግማሽ ገደማ፣ 0.25 ከሆነ በ0.56 ታባዛለህ።

ሒሳቡን እዚሁ ልሥራልህ። ከ1.1 ላይ የኳርትዙን የራሱን መጨመቅ 0.19 ገደማ ትቀንሳለህ፣ 0.91 ይቀራል። ለ0.18 ስታካፍለው 5.06፣ አሁንም የቅንጣቱን 0.19 ስትቀንስ 4.9 ገደማ። በግማሽ ስታወርደው ወደ 2.5 ይመጣል። አንተ ያስገባኸው 1.1 ነው፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል ላልከው፣ ዘይቱ 10 ማይክሮሲፕ፣ ውኃው 3፣ የውኃ ሙሌት 20 በመቶ ብለን እንያዝ። ዘይቱ 8 ያዋጣል፣ ውኃው 0.6፣ ዓለቱ ባንተ ቁጥር 1.1፣ ደምረህ ለዘይቱ ድርሻ ለ0.8 ስታካፍል 12.1። በተስተካከለው ቁጥር 13.9። 15 በመቶ ልዩነት ነው እኮ! ግፊትህ ቶሎ የሚወርደው ለዚህ ይመስለኛል። ዓለቱ ሲጠብ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ያ መግፋት ሞዴልህ ውስጥ ከግማሽ በታች ነው ያለው፣ አንተ በአኩፈር ልትተካው እየሞከርክ ነው።

ሲቪሏ፦

እኔ የአፈር መካኒክስ ሰው ነኝ፣ ፔትሮሊየም አላውቅም ግን ይሄ የኛ ትምህርት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ተርዛጊ በ1920ዎቹ (በፈረንጅ) ያወጣው የኢፌክቲቭ ስትረስ (ድንጋዩ ራሱ የሚሸከመው ጫና) ሕግ ነው። ለተማሪዎቼ ሁሌ እንዲህ ነው የማስረዳው፤ ሁለት ሰው አንድ ኩንታል እህል በቃሬዛ ተሸክመዋል እንበል፣ አንዱ ድንጋዩ ነው አንዱ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ። ሸክሙ ከላይ ያለው የምድር ክብደት ስለሆነ አይቀየርም። ፈሳሹን ስታወጪ ያኛው ተሸካሚ እጁን እያላላ ነው፣ እሱ የለቀቀው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ከላይ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ድንጋዩ ከባድ ሸክም ውስጥ ይገባል።

እኛ ጋ ይሄ የሚታየው ሸክላ አፈር ላይ ነው፣ ሕንፃ ሲሠራበት ለዓመታት ቀስ እያለ የሚቀመጠው በዚህ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ሲሳብም ያው ነው። ካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ውስጥ ለመስኖ ውኃ ሲስቡ መሬቱ ከ1925 እስከ 1977 ወደ 9 ሜትር ሰምጧል፣ ምሰሶ ላይ ዓመቶቹን ለጥፈው የተነሱት ፎቶ አለ፣ የ1925 ምልክት ከሰውየው ራስ በላይ በጣም ርቆ ነው የሚታየው። ያንን ፎቶ ክፍል ውስጥ ሳሳይ ሁሌ ዝምታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አፈር ላይ አንዴ የተጨመቀው ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጤፍ ጆንያ ውስጥ ስትጨምሩ ነቅነቅ አድርጋችሁ ረገጥ ስታደርጉት ይወርዳል አይደል? ስትተዉት ተመልሶ አይነሳም፣ ቅንጣቶቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዓለት ላይም እንደዛ ነው ወይ? ይሄን እናንተ ንገሩኝ።

ጋሽ_ሰሜን፦

ልጄ የመጨረሻው ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። እኔ ስታቫንገር ከተማ ነው የምኖረው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ዕድሜዬ ያለቀው ሰሜን ባሕር ላይ ስለሆነ ኤኮፊስክ የሚባለውን የዘይት ሜዳ ነገር ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ኤኮፊስክ በ1969 ተገኘ፣ በ1971 ማምረት ጀመረ። ዓለቱ ጠመኔ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምንጽፍበት ያለ ጠመኔ፣ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ዛጎል የተሠራ፣ ፖሮሲቲው ከ30 እስከ 40 በመቶና ከዛም በላይ። ጥልቀቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ጥልቅ ሆኖ እንዴት ያን ያህል ቀዳዳ ቀረለት ብትሉ ፈሳሹ ስለተሸከመለት ነው። ከላይ ያለው ክብደት 9,000 ፒኤስአይ ገደማ ነበር፣ የፈሳሹ ግፊት 7,100 ገደማ። ሲቪሏ ባለችው ቃሬዛ ብናየው ድንጋዩ የተሸከመው 1,900 ብቻ ነበር። ዘይትና ጋዙ እየወጣ ግፊቱ ወደ 4,000 ሲወርድ የድንጋዩ ድርሻ 5,000 ሆነ። ጠመኔው ይሄን አልቻለም። ቅንጣቶቹን የያዘው ማጣበቂያ ተሰበረና ቀዳዳው ራሱ ተደረመሰ፣ ፖር ኮላፕስ የምንለው ነው። እስከዛ ድረስ 5 ወይም 6 የነበረ ኮምፕረሲቢሊቲ ከዛ ወዲያ 50 እና ከዛ በላይ ይሆናል። ያው አንድ ድንጋይ ነው፣ ሁለት ሕይወት ነው ያለው።

300 ሜትር ውፍረት፣ ፖሮሲቲ 35 በመቶ፣ የቀዳዳ ኮምፕረሲቢሊቲ 5፣ የግፊት ውርደት 3,500 ብላችሁ ብታሰሉ የሚያጥረው 1.8 ሜትር ገደማ ነው። የባሕሩ ወለል ግን እስካሁን ከ9 ሜትር በላይ ወርዷል። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ቋሚ ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። የታወቀውም በ1984 ነው፣ የትልቁ የኮንክሪት ታንክ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከባሕሩ ጋር ሲተያዩ ዝቅ ብለው ተገኙ፣ ያኔ 3 ሜትር ገደማ ሰምጧል። በ1987 የብረት መድረኮቹን በሃይድሮሊክ 6 ሜትር ከፍ አደረጓቸው፣ ያን የሚያህል ብረት፣ ሰውና መሣሪያ ባሕር መሀል ላይ! በ1989 ታንኩን በኮንክሪት አጥር ከበቡት። በ1998 አዲስ ኤኮፊስክ ሠርተው ተዛወሩ።

በ1987 ውኃ መርፌ (ውኃ ወደ ዓለቱ መክተት) ተጀመረና ግፊቱ እየተመለሰ መጣ። ሁሉም መስመጡ ይቆማል ብሎ ጠበቀ። አልቆመም፣ በ1990ዎቹ ውስጥ በዓመት እስከ 40 ሴንቲሜትር ሰመጠ። ምክንያቱ የባሕር ውኃው ራሱ ጠመኔውን ማድከሙ ነው። ድርቆሽ አስቡ፣ ደረቅ ሆኖ ብትጫኑት ይቋቋማል፣ ወጥ ሲነካው በዛችው ሸክም እጥፍ ይላል። የባሕር ውኃ ውስጥ ያሉት ማግኒዚየምና ሰልፌት ከጠመኔው ገጽ ጋር ኬሚካላዊ ሥራ ይሠራሉ፣ ቅንጣት ከቅንጣት የሚነካካበትን ቦታ ያላሉታል። እና ልጄ፣ መመለሱን ለጠየቅሽኝ፣ የተደረመሰው አይመለስም። ግፊት ሞልተሽ የምታገኚው ትንሿን የመለጠጥ ድርሻ ብቻ ነው። ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ያለው ዊልሚንግተን ሜዳም 9 ሜትር ገደማ ሰምጦ ወደቡን ባሕር ሊበላው ደርሶ ነበር፣ በ1950ዎቹ ውኃ መርፌ ሲጀምሩ መስመጡን አቆሙት፣ ከፍታው ግን የተመለሰው በጥቂቱ ነው።

ግን ይሄ መጨመቅ በጎም አለው፣ ዘይቱን የገፋው እሱ ነው። ኮር ላብ የሠራውን ሒሳብ ዓለቱን 50 አድርጋችሁ ሥሩት፣ ድምሩ 73 ገደማ ይመጣል። ግፊቱ 2,000 ሲወርድ በ4 ማይክሮሲፕ ዓለት የምታገኙት 3 በመቶ ገደማ ዘይት ነው፣ በ50ው ወደ 15 በመቶ። የከሰርነውን መድረክ ከፍ ማድረጊያ ወጪ ስናወራ ይሄንንም ማውራት አለብን፣ እኔ ሁሌም የምከራከረው ይሄን ነው።

ካሉብ_ተመልካች፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ጥያቄዬ ኦጋዴን ነው፣ ካሉብና ሂላላ ጋዝ ስለሆኑ ይሄ ሁሉ እነሱን ይመለከታል?

ኮር_ላብ፦

ጋዝ ላይ ነገሩ ይለያል። የጋዝ ኮምፕረሲቢሊቲ በግርድፉ አንድ ሲካፈል ለግፊቱ ነው፣ በ3,000 ፒኤስአይ 333 ማይክሮሲፕ ገደማ ማለት ነው፣ ዓለቱ 4 ቢሆን ከመቶ አንድ ምናምን ነው። ስለዚህ መደበኛ ግፊት ያለው ጋዝ ሜዳ ላይ ስንት ጋዝ አለ ብለህ ስታሰላ ዓለቱን ብትተወው ብዙ አትሳሳትም። ከባድ የሚሆነው ግፊቱ ከመደበኛው በጣም የበለጠ ሲሆን ነው፣ እዛ ጋዙ ራሱ ስለጠነከረ ኮምፕረሲቢሊቲው ወደ 40 ምናምን ይወርዳል፣ ዓለቱ ደግሞ ፈሳሹ ተሸክሞለት ስለኖረ ልል ነው። ፒ በዜድ የምንለው መስመር (ግፊቱን ከወጣው ጋዝ ጋር የሚያሳየው) መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል ከዛ ይታጠፋል፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ይዞ ያሰመረ ሰው የሌለ ጋዝ ይቆጥራል፣ በዛ ቁጥር ቧንቧ የሚዘረጋ አለ እኮ።

ደግሞ ትንሽ መጨመቅ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ኔዘርላንድስ ክሮኒንገን የሚባለው ትልቅ ጋዝ ሜዳ በ1959 ነው የተገኘው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ግፊቱ ከ350 ባር ገደማ ተነስቶ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ100 በታች ወረደ። መሬቱ የሰመጠው በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው፣ ኤኮፊስክ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ሜዳው በስብራቶች የተቆራረጠ ስለሆነ አንዱ ጎን ሲጨመቅ ሌላው እኩል ካልሄደ ስብራቱ ይንሸራተታል። ነሐሴ 2012 ኸይዚንገ ላይ 3.6 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የጡብ ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ ጥቅምት 2023 ላይ ማምረቱ ቆመ። ከመሬቱ ሥር የቀረ ብዙ ጋዝ እያለ ነው የተዘጋው።

ጀማሪ_ሪዘርቨየር፦

ኮር ላብ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሪፖርቱን እንደገና አየሁት፣ የጠቅላላው ድንጋይ ነው የሚለው፣ ሃይድሮስታቲክም ነው፣ በጣም ትንሽ ጽሑፍ ሆኖ ከሠንጠረዡ ሥር ተጽፏል። 2.5 አስገብቼ አኩፈሩን አጠፋሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ግፊት ተለካ ከሚለው ላይ ቁጭ አለ!! ሌሊት 9 ሰዓት ነበር ብቻዬን ጮህኩ።

አሁን የቀረኝ የምርቱ ነገር ነው። ፐርሚያቢሊቲ 48 ሚሊዳርሲ (የፐርሚያቢሊቲ መለኪያ ነው) ነው ያስገባሁት፣ ላቡ ላይ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ፣ በ800 ፒኤስአይ ጫና 42፣ በ2,500 ደግሞ 35፣ በ4,500 29 ይላል። የቱን ልውሰድ?

ኮር_ላብ፦

48ቱን ተወው። እሱ ኮሩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ምንም ሳይጫነው የተለካ ነው፣ ከመሬት ሲወጣ ሸክሙ ስለለቀቀው ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፈቱበታል፣ እሱን ደግሞ መሬት ውስጥ አታገኘውም። መነሻ ኢፌክቲቭ ስትረስህ 2,500 አካባቢ ከሆነ መነሻህ 35 ነው፣ ግፊቱ 2,000 ሲወርድ 29 ይሆናል። ቁጥሮቹን በኤክስፖነንሻል አስቀምጣቸው፣ በየ1,000 ፒኤስአይ ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው የሚጠፋው፣ ለንጹሕ የአሸዋ ድንጋይ የሚጠበቅ ነው። ሸክላ የበዛበት ወይም በጣም ጥብቅ ድንጋይ ቢሆን አምስት እጥፍ ሊብስ ይችላል፣ ያኔ 3,000 ሲወርድ የሚቀርልህ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ሰው ግራ የሚገባው ፖሮሲቲው በጥቂቱ ቀንሶ ፐርሚያቢሊቲው ለምን ይሄን ያህል ይወርዳል የሚለው ነው። ቀዳዳው ክብ ነገር ነው፣ እንደ ቅስት ይቋቋማል። ፈሳሹ የሚያልፍበት አንገት ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፣ በሩ ሳይሰበር ይዘጋል። ስንጥቅ ላይ ደግሞ ከዛ የባሰ ነው፣ የሚፈሰው በስንጥቁ ስፋት ኩብ ነው የሚሄደው፣ ስፋቱ በግማሽ ቢጠብ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። ኮዘኒ ካርማን የሚባለውን ቀመር (ፐርሚያቢሊቲን ከፖሮሲቲ የሚገምተውን) ጠመኔ ላይ ብትሞክረው ፖሮሲቲ ከ40 ወደ 36 ሲወርድ ፐርሚያቢሊቲው 64 በመቶ ብቻ ይቀረዋል።

ጋሽ_ሰሜን፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ስሌት ብንሄድ ኤኮፊስክ ፐርሚያቢሊቲው መሞት ነበረበት፣ እኛም ፈርተን ነበር። ግን ያንን ያህል አልሞተም። ዘይቱ የሚሄደው በተፈጥሮ ስንጥቆች ነው፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ የጎኑም ጫና አብሮ ስለሚወርድ ከላይ ያለውና ከጎን ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ስንጥቆቹ ጎናቸው ለጎናቸው ተንሸራተው ሻካራ ገጻቸው አይገጥምም፣ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ላብ ውስጥ በእኩል ጫና የተለካ ፐርሚያቢሊቲ ስንጥቅ ላለበት ሜዳ ብቻውን አይበቃም። የጉድጓድ ፈተናም አብራችሁ እዩ። ብዙ የተጎዳው ካሲንጉ (የጉድጓዱ የብረት ቱቦ) ነበር፣ ዓለቱ ሲያጥር ብረቱን አብሮ ይጨምቀዋል፣ ስንት ጉድጓድ በዚህ ጠመመብን።

አሉቶ_እንፋሎት፦

እኔ ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል) ላይ ነኝ። እሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሁሉ ነገር ስንጥቅ ነው። ለኛ ቀዝቃዛ ውኃ ስንመልስ ድንጋዩ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ጉድጓዱ ከትናንት ዛሬ የበለጠ ይቀበላል። ስለዚህ ግፊት ብቻ አትዩ፣ ሙቀትም ቁጠሩ። ውኃውን ሳይመልሱ ማውጣት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ኒውዚላንድ ዋይራኬይ ላይ ታይቷል፣ አንድ ቦታ ላይ 15 ሜትር ገደማ ሰምጧል።

ጀማሪ_ሪዘርቨየር፦

35ቱን መነሻ አድርጌ ሠንጠረዡን አስገባሁት። መጀመሪያ በስኪን (ጉድጓዱ ዙሪያ ያለ ፍሰትን የሚያግድ ጉዳት) ሸፍኜው የነበረውን ሁሉ አወጣሁ፣ አሁን አምስተኛና ስድስተኛው ዓመት ላይ ምርቱ ተቀራርቧል፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ እሱ ስብራት አጠገብ ነው። አማካሪዬ ቀጥሎ የውኃ መርፌ ኬዝ ሥራ ብሎኛል።

ኮር_ላብ፦

ጎበዝ። ከመጀመርህ በፊት ግን ሲሙሌተሩ ላይ ኢሪቨርሲብል (የማይመለስ) የሚለውን ምርጫ ፈልገህ አብራው። ካላበራኸው ግፊቱ ሲመለስ ፖሮሲቲውም ፐርሚያቢሊቲውም በመጡበት መንገድ ተመልሰው ይነሳሉ፣ 29ኙ ተመልሶ 35 ይሆንልሃል። ላብህ የማራገፊያ መለኪያ ካለው እሱን ተጠቀም፣ ከሌለው ወደ 30 ብቻ እንዲመለስ አድርገህ አንድ ሩን፣ ወደ 33 አድርገህ ሌላ ሩን ሥራና ልዩነቱን ለአማካሪህ አሳየው።

ሲቪሏ፦

የጤፉ ጆንያ ማለት ነው። ሠንጠረዡን ስትጨርስ ለጥፍልን ወንድሜ፣ ለተማሪዎቼ ከአፈሩ ጎን ላሳያቸው እፈልጋለሁ።